53ን ከመሸምደድ በፊት፦ ስለ ኤቲኤም ኔትወርክ ትምህርታችን የቀረበ ትችት

ኤቲኤም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ካርድ ከትተን ብር የምናወጣበት የባንክ ማሽን ነው። ዛሬ የማነሳው ኤቲኤም ግን እሱ አይደለም። ስሙ በሙሉ ሲጠራ አሲንክሮነስ ትራንስፈር ሞድ የሚባለውን፣ ድምፅን፣ ምስልንና የኮምፒውተር ዳታን በአንድ መስመር ለማስተላለፍ ታስቦ በ1980ዎቹ የተነደፈውን የኔትወርክ ቴክኖሎጂ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካምፓችን የኔትወርክ ትምህርት የወሰደ ተማሪ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፤ ቢያንስ ቁጥሩን ያውቃል። "የኤቲኤም ሴል ስንት ባይት ነው?" ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "53!" ይላል። "እንዴት ይከፈላል?" ሲባል "5 ሄደር፣ 48 ዳታ!" ይላል። ጎበዝ! "ታዲያ ለምን 48 ሆነ? ለምን 64 ወይም 100 አልሆነም?" ሲባል ግን ጸጥ ነው። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። በእርዳታ የመጡልን መጻሕፍትና ከእነሱ እየተቀዱ የሚባዙት ማስታወሻዎች መልሱን ይሰጣሉ እንጂ ጥያቄውን አይነግሩንም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፤ ምዕራፉን አውጥተን እንጣለው" ይላሉ። ሌሎች ደግሞ "ፈተና ላይ ይመጣል፤ ይሸምድዱት" ይላሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። የኤቲኤም ምዕራፍ እንደ ትምህርት ሦስት ጉድለቶች አሉበት ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ስሙን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉማል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ያለ ምክንያት ያስሸመድዳል። ሦስተኛ፣ ቴክኖሎጂው እስካሁን "የወደፊቱ ኔትወርክ" እንደሆነ አድርጎ ያወራል። እነዚህ ሦስቱ ቢታረሙ ግን በኔትወርክ ትምህርታችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምዕራፍ የለም። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ።

ጥያቄው ምን ነበር?

መፍትሔን ለመተቸት መጀመሪያ ችግሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የስልክ ድርጅቶች ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ደንበኞች ነበሯቸው።

አንደኛው ድምፅ ነው። በዲጂታል ስልክ ውስጥ ድምፃችን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ነው። ሲባዛ በሴኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ጅረት ቀጭን ነው፤ ግን ሳያቋርጥ ይፈሳል፣ መዘግየትንም አይችልም። አንዱ ተናግሮ ድምፁ ሌላው ጋ ዘግይቶ ከደረሰ ሁለቱም እኩል መናገር ይጀምሩና ጨዋታው ይበላሻል።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ዳታ ነው። የእሱ ጠባይ ተቃራኒ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ይልና ፋይል ሲላክ በአንዴ ይጎርፋል። ትንሽ ቢዘገይ ግድ የለውም፤ አንዲት ፊደል ብትጎድልበት ግን አይሆንለትም።

ለእያንዳንዱ የየራሱን ኔትወርክ መዘርጋት ሁለት እጥፍ ወጪ ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ የቴሌኮሙኒኬሽን የምርምር ማዕከል (ክኔት) እና በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የነበሩ መሐንዲሶች ሁለቱንም የሚሸከም አንድ ኔትወርክ ይፈልጉ ጀመር። በ1988 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የደረጃ ኮሚቴ፣ በዚያን ጊዜ አጠራሩ ሲሲአይቲቲ፣ ለመጪው ፈጣን ኔትወርክ ኤቲኤምን መረጠ። በ1991 ደግሞ ሲስኮና ስፕሪንት ያሉባቸው አራት ኩባንያዎች ኤቲኤም ፎረም የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። እንግዲህ ኤቲኤም የአንድ ሰው ፈጠራ ሳይሆን የብዙ አገርና የብዙ ኩባንያ ስምምነት ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመነጫል።

የመጀመሪያው ጉድለት፦ "አሲንክሮነስ" ማለት ምን ማለት ነው?

በብዙ ማስታወሻዎች ላይ "አሲንክሮነስ የተባለው ላኪና ተቀባይ የጋራ ሰዓት ስለሌላቸው ነው" ተብሎ ተጽፏል። ይህ ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ ትርጉም ነው፤ ኮምፒውተርን ከሞደም ጋር የሚያገናኘውን የድሮውን ሲሪያል ኬብል ይመለከታል። በኤቲኤም መስመር ላይ ሴሎቹ ሳይቋረጡ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ የሚላክ ነገር ሲጠፋ እንኳን ባዶ ሴል ይላካል። በቢት ደረጃ ሰዓቱ የተስተካከለ ነው። ፕሮግራም የሌለው "ቀጣዩ ሴል የማን ነው?" የሚለው ብቻ ነው።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ከራሽን እደላ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሁለት ዓይነት አሠራር አስቡ። በመጀመሪያው፣ "ብሎክ አንድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ብሎክ ሁለት 3 ሰዓት፣ ብሎክ ሦስት 4 ሰዓት" ተብሎ ይለጠፋል። የብሎክ ሁለት ሰው ካልመጣ ያ ሰዓት በከንቱ ያልፋል፤ የብሎክ ሦስት ሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያያል። ተራው የማን እንደሆነ የሚናገረው ሰዓቱ ነው። የድሮው የስልክ ኔትወርክ እንዲህ ይሠራል። ሲንክሮነስ የሚባለውም ይኼ ነው። በሁለተኛው አሠራር፣ ማንም በመጣበት ጊዜ ይስተናገዳል፤ ነገር ግን ካርዱን ማሳየት አለበት። ማንነቱን የሚናገረው ሰዓቱ ሳይሆን ካርዱ ነው። አሲንክሮነስ ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛው አሠራር የባከነ ሰዓት የለውም። ዋጋው ግን እያንዳንዱ ሰው ሁልጊዜ ካርድ መያዙ ነው። በኤቲኤም ካርዱ ያ 5 ባይት ሄደር ነው። ተማሪ ይህን ከተረዳ 5 ባይቱን አይረሳውም፤ ለምን እንደሚከፈልም ያውቃል።

ሁለተኛው ጉድለት፦ ምክንያት የሌለው ቁጥር

ለምን ትንሽና እኩል የሆነ ሴል አስፈለገ? ወደ ቦኖ እንሂድ። አንድ ሰው በአህያ ጋሪ 20 ጀሪካን ጭኖ ከፊታችሁ ተሰልፏል እንበል። እናንተ የያዛችሁት አንድ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ቤት ሕፃን ታሟል። ውሃው ቀጭን ከሆነ 20 ጀሪካን እስኪሞላ መጠበቅ አይቻልም። በኔትወርክም እንዲሁ ነው። 1,500 ባይት የሆነ የዳታ ፓኬት በሴኮንድ 64,000 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ለማለፍ 187.5 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። በ2 ሚሊዮን ቢት መስመር ላይ እንኳን 6 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ከኋላው የተሰለፈው ትንሽ የድምፅ ቁራጭ ይህን ሁሉ ይጠብቃል።

የኤቲኤም ነዳፊዎች መልስ ቀላል ነበር፦ "ሁሉም ሰው በእኩል ትንንሽ ጀሪካን ይቅዳ፤ ባለ ጋሪውም አንድ ቀድቶ ተራ ይስጥ፣ ከዚያ ይመለስ።" 53 ባይት በዚያው በ2 ሚሊዮን ቢት መስመር ላይ የሚወስደው 0.2 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ሁሉም ዕቃ እኩል ሲሆን ቀጂው ማሰብ አይኖርበትም። የ1980ዎቹ ኤሌክትሮኒክስ መጠኑ የሚለዋወጥ ፓኬትን በከፍተኛ ፍጥነት ማስተናገድ ይከብደው ስለነበር እኩል መጠን ያለው ሴል በሃርድዌር ብቻ በፍጥነት እንዲያልፍ ያስችል ነበር።

ታዲያ መጠኑ ስንት ይሁን? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው። አሜሪካኖቹ 64 ባይት ዳታ ፈለጉ፤ ሴሉ ትልቅ ሲሆን ለሄደር የሚከፈለው ድርሻ ያንሳል። አውሮፓውያኑ፣ በተለይም ፈረንሳዮቹ፣ 32 ፈለጉ። ምክንያታቸው የስልክ ማሚቶ ነበር። በሴኮንድ 8,000 ባይት ከሚያፈልቅ ድምፅ 32 ባይት ለመሙላት 4 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፣ 64 ባይት ደግሞ 8። ሴሉ እስኪሞላ ድምፁ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ከበዛ ተናጋሪው የራሱን ድምፅ ተመልሶ ይሰማዋል፤ ይህን ለማጥፋት ማሚቶ አጥፊ መሣሪያ መግዛት ግድ ይላል። ፈረንሳይ በስፋቷ መጠነኛ ስለሆነች በ32 ባይት ያለ መሣሪያው በአገር ውስጥ መደዋወል ይቻል ነበር። አሜሪካ ግን ሰፊ ናት፤ መሣሪያውን ከመግዛት ቀድሞውኑ አታመልጥም ነበር።

በ1989 ስምምነት የተደረሰው መሐል ላይ ነው። 32 ሲደመር 64፣ ለሁለት ሲካፈል 48። በቃ! በዚህ ላይ 5 ሲጨመር 53 ሆነ። የሽምግልና ዳኝነት ነው። የአገራችን ሽማግሌ የድንበር ጠብ ሲዳኝ መሬቱን ከመሐል ይከፍለዋል፤ ሁለቱም ወገን እያጉረመረመ ይታረቃል። ለሰላም ጥሩ ነው። ለማሽን ግን 48 ለማንም ያልተመቸ ቁጥር ሆነ። ለአሜሪካኖቹ ትርፉ የበዛ፣ ለፈረንሳዮቹ ደግሞ ማሚቶ አጥፊውን ሙሉ በሙሉ የማያስቀር። ለኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ 32 እና 64 የሁለት ርቢ ናቸው፤ 48 አይደለም።

እስቲ ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ንገሩና ከሳምንት በኋላ 53ን ጠይቁ። የሚረሳ ተማሪ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሄደሩ ውስጥ ምን አለ?

እዚህ ላይ የመጻሕፍቱ ሥዕል ትክክል ነው፤ ማብራሪያው ግን ደረቅ ነው። ተጠቃሚው ከኔትወርኩ ጋር በሚገናኝበት በኩል 40 ቢቱ እንዲህ ይከፈላል፦ ለፍሰት መቆጣጠሪያ 4 ቢት፣ ለመንገድ መለያ (ቪፒአይ) 8 ቢት፣ ለመስመር መለያ (ቪሲአይ) 16 ቢት፣ ለዳታው ዓይነት 3 ቢት፣ "ሲጨናነቅ መጀመሪያ እኔን ጣሉኝ" ለሚለው ምልክት 1 ቢት፣ ለሄደሩ ስሕተት መፈተሻ 8 ቢት። ፈተሻው ሄደሩን ብቻ እንደሚጠብቅ ልብ በሉ፤ የዳታው ደኅንነት የሚፈተሸው ዳር ላይ ባሉት መሣሪያዎች ነው።

ተማሪዎችን የሚያደናግረው የመለያ ቁጥሮቹ ጉዳይ ነው። ብዙዎች ቪፒአይና ቪሲአይን እንደ አይፒ አድራሻ ያዩዋቸዋል። አይደሉም። ክሊኒክ ስትሄዱ መመዝገቢያው መስኮት ላይ 14 ቁጥር ይሰጣችኋል። ላቦራቶሪ ስትደርሱ 3 ቁጥር ትሆናላችሁ። መድኃኒት ቤት ደግሞ 27። ሰውየው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን በየመስኮቱ ይለወጣል፤ ከዚያ መስኮት ውጪም ትርጉም የለውም። የኤቲኤም ስዊችም እንዲሁ ያደርጋል፦ ሴሉ ሲገባ ቁጥሩን ያያል፣ ሰንጠረዡን ይመለከታል፣ በአዲስ ቁጥር ቀይሮ በትክክለኛው በር ያስወጣል። የዓለምን አድራሻ በሙሉ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ለዚህ ግን ሰንጠረዡ አስቀድሞ መሞላት አለበት። አንድም ሴል ከመላኩ በፊት ከላኪ እስከ ተቀባይ ያለው መንገድ ይወሰናል፤ ወይ በሰው እጅ በቋሚነት፣ ወይ እንደ ስልክ ጥሪ በየጊዜው። መንገዱ ሲወሰንም "እኔ ቋሚ ፍጥነት እፈልጋለሁ"፣ "የእኔ ይለዋወጣል"፣ "እኔ የተረፈው ይበቃኛል" እያሉ መደራደር ይቻላል። ኔትወርኩ አቅም ከሌለው "አልችልም" ብሎ ይመልሳል። ይህ የኤቲኤም ምርጥ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃል የሚገባው የሚችለውን ብቻ ነው። ያኔ የነበረው ተራ ኢንተርኔት ግን ሁሉንም ይቀበልና ሲጨናነቅ ያገኘውን ይጥል ነበር።

ሦስተኛው ጉድለት፦ ሽንፈቱን አለመንገር

መጻሕፍቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጻፉ ስለሆኑ ኤቲኤም ከአገር አቋራጭ መስመር እስከ ጠረጴዛችን ድረስ ሁሉን እንደሚይዝ ይተነብያሉ። አልሆነም። ለምን አልሆነም የሚለውን አለማስተማር ግማሹን ትምህርት ማስቀረት ነው። ምክንያቶቹን አራት አድርጌ አያቸዋለሁ።

አንደኛ፣ የሴል ግብር። ከ53 ባይት 5ቱ ሄደር ስለሆነ ከመስመሩ 9.4 በመቶ ገና ሳይጀመር ይሄዳል። ግን በዚህ አያበቃም። ለኮምፒውተር ዳታ በብዛት በሚሠራበት ኤኤኤል 5 በተባለው አሠራር በፓኬቱ መጨረሻ 8 ባይት ይጨመራል፤ የመጨረሻው ሴል ካልሞላም በባዶ ይሞላል። 1,500 ባይት ፓኬት እንላክ፦ 1,508 ይሆናል፤ ለ48 ሲካፈል 32 ሴል ይፈልጋል፤ 32 ሲባዛ በ53፣ 1,696 ባይት። 196 ባይት ትርፍ ማለት ነው። 40 ባይት ያላት ትንሽ ፓኬትስ? 48 ሆና በአንድ ሴል ልክ ትገባለች። 41 ባይት ብትሆን ግን ሁለት ሴል፣ ማለትም 106 ባይት ትወስዳለች። አንዲት ባይት ለመጨመር 53 ባይት!

ሁለተኛ፣ የመጥፋት ነገር። አንድ ደብዳቤ 32 ቦታ ተቀዶ በ32 ፖስታ ቢላክና አንዱ ፖስታ ቢጠፋ ደብዳቤው በሙሉ ዋጋ ያጣል፤ እንደገና መጻፍ አለበት። ከ1,000 ሴል 1 ብቻ ቢጠፋና አጠፋፉ የተበታተነ ቢሆን፣ 32 ሴል ከያዙ 100 ፓኬቶች ውስጥ 3 ያህሉ ይበላሻሉ። የቀሩት 31 ሴሎች ግን ዋጋ እንደሌላቸው ሳያውቁ መስመሩን እያጨናነቁ ይጓዛሉ። ይህን ያስተዋሉ መሐንዲሶች "አንዱ ከተጣለ የቀሩትንም ጣል" የሚል ዘዴ ጨመሩ። ይኸውም ሴሉ ራሱን ችሎ መኖር እንዳልቻለ ምስክር ነው፤ ስዊቹ ተመልሶ ስለ ፓኬት ማሰብ ጀመረ።

ሦስተኛና ዋናው፣ ቦኖው ጎረፈ። ቀጭኑ ውሃ ወፍራም ከሆነ 20 ጀሪካን በአንድ አፍታ ይሞላል፤ ባለ ማንቆርቆሪያውም ተራ መቀያየሩን አይፈልገውም። ኢተርኔት በሴኮንድ ከ10 ሚሊዮን ቢት ተነስቶ በ1995 100 ሚሊዮን፣ በ1998 አንድ ቢሊዮን ደረሰ። በ64,000 ቢት መስመር 187.5 ሚሊ ሴኮንድ የፈጀው 1,500 ባይት ፓኬት በአንድ ቢሊዮን መስመር ላይ 12 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል፤ ይህ ከአንድ ሚሊ ሴኮንድ አንድ መቶኛ ያህል ነው። እንግዲህ ትንሹ ሴል የተፈለገበት ምክንያት ጠፋ፤ ግብሩ ግን ቀረ። ለቀጭን መስመር የወጣ ሕግ በወፍራም መስመር ላይ ሸክም ሆነ።

አራተኛ፣ ውስብስብነት። በ1990ዎቹ በየቢሮው የነበሩ ኮምፒውተሮች ኢተርኔት ነበር የሚያውቁት። ኢተርኔት ደግሞ ጥሪ አያደርግም፤ ለሁሉም ጮኾ ይናገራል። ኤቲኤም ከእነሱ ጋር እንዲግባባ በ1995 ላን ኢሙሌሽን የሚባል፣ ኤቲኤምን ኢተርኔት የሚያስመስል አሠራር ወጣ። አንድ ሐሳብ ለመሥራት ሌላውን መምሰል ሲጀምር ተማሪ "ታዲያ ለምን ዋናውን አንገዛም?" ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ነው። ቢሮዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ ክርክር ሳይሰማ ነው ያለቀው። ወደ ሞምባሳ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ሥር ፋይበር ኬብሎች የደረሱት በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘን ሳተላይት ነበር። ኬብሉ ሲመጣ አሸናፊው ቀድሞ ታውቆ ነበር። ስለዚህ እኛ የደረሰን ውጤቱ ብቻ ነው። መጻሕፍቱ ደግሞ ክርክሩ ሳያልቅ ተጽፈው፣ ካለቀ በኋላ መጡልን። ተማሪው ሁለቱን የሚያገናኝለት ከሌለ "መጽሐፉ የወደፊቱ ነው ይላል፤ ኬብሉ ላይ ግን የለም" ብሎ ግራ ይጋባል።

ያልሞተው ምንድን ነው?

ሽንፈቱን ስንናገር ግን ፍትሐዊ እንሁን። ኤቲኤም በጠረጴዛችን ላይ ባይቀመጥም በብዙ አገር በስልክ መስመር ኢንተርኔት በሚያመጣው ኤዲኤስኤል ሥር ለዓመታት ሠርቷል። የኤዲኤስኤል ሞደም ማስተካከያ ገጽ ከፍቶ ቪፒአይና ቪሲአይ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያየ ሰው፣ ያየው ይህንኑ ኤቲኤም ነው። የመጀመሪያው የሦስተኛ ትውልድ ሞባይል አሠራርም አንቴናዎቹን ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኘው በኤቲኤም ነበር፤ በኋላ ወደ አይፒ ዞረ። ዛሬ አዲስ ኔትወርክ በኤቲኤም የሚዘረጋ የለም ማለት ይቻላል፤ የቀሩትም አሮጌዎቹ እየተነሱ ነው።

ሐሳቡ ግን ወራሽ አግኝቷል። በ2001 ደረጃው የወጣው ኤምፒኤልኤስ የሚባለው አሠራር የክሊኒኩን ቁጥር፣ ማለትም በየስዊቹ የሚቀያየረውን መለያ፣ ወስዶ ሴሉን ጣለው። ፓኬቱ ሳይቆራረጥ ሙሉውን መለያ ይለጠፍበትና ይሄዳል። ትልልቅ የቴሌኮም ድርጅቶች እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል። ሴሉም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፤ ብዙ ትልልቅ ራውተሮች በሆዳቸው ውስጥ ፓኬትን በእኩል ቁራጭ ከፍለው ከበር ወደ በር ካሳለፉ በኋላ መልሰው ይገጥሙታል። በየአገሩ ሊነግሥ የነበረው በአንድ ሣጥን ውስጥ አገልጋይ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለመምህራን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

1. ምዕራፉ አይውጣ፤ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ። መጀመሪያ የድምፅና የዳታ ጠባይ፣ ቀጥሎ የቦኖው ችግር፣ ከዚያ የ32 እና የ64 ክርክር፣ በመጨረሻ 53። የሄደሩ ሥዕል ከዚህ በኋላ ይምጣ።

2. ኮምፒውተር አያስፈልግም። መብራት በሌለበት ቀን ይህ ትምህርት በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ይሰጣል። የራሽኑን፣ የቦኖውንና የክሊኒኩን ምሳሌ ተማሪው ራሱ በየቀኑ ይኖርበታል።

3. የፈተና ጥያቄያችን ይቀየር። "የኤቲኤም ሴል ስንት ባይት ነው?" ከማለት ይልቅ "88 ባይት ያለው ፓኬት በኤኤኤል 5 ስንት ሴል ይፈልጋል? 89 ቢሆንስ? ልዩነቱ ከየት መጣ?" እንበል። (መልሱ 2 እና 3 ነው፤ ምክንያቱን ለተማሪዎች እተዋለሁ።) ወይም "መስመሩ አንድ ሺህ ጊዜ ቢፈጥን ትንሹ ሴል ምን ይጠቅማል?" እንበል።

ተማሪዎችንም አንድ ነገር ልበላችሁ። ብዙዎቻችን ትምህርታችን መሐል ላይ ተቋርጧል። እኔም ዩኒቨርሲቲውን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። የጀመርነውን የምንጨርሰው የት እንደሆነ፣ እዚህ ይሁን፣ ናይሮቢ ይሁን፣ አገራችን ተመልሰን ይሁን ወይም ሌላ አገር ሄደን፣ አናውቅም። የትም ብንሄድ የሚገጥመን ማሽን ከመጽሐፋችን የተለየ ነው የሚሆነው። 53 የሚለው ቁጥር ያኔ ለማንም አይጠቅምም። "ይህ ነገር የተሠራው የትኛውን ችግር ለመፍታት ነው? ችግሩስ አሁንም አለ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ ግን በየትኛውም ማሽን ፊት ያገለግላል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም ሸምዳጁን ከተረዳው የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው።

የኤቲኤም ነዳፊዎች ሰነፎች አልነበሩም። በእጃቸው ለነበረው መስመር ትክክለኛውን መልስ ሰጥተው ነበር። የተሳሳቱት መስመሩ ሁልጊዜ ቀጭን ሆኖ የሚቀር መስሏቸው ነው። እኛም ለተማሪ መልስ ብቻ ሰጥተን ችግሩን ከደበቅንበት፣ ነገ ቦኖው ሲጎርፍ በማንቆርቆሪያ ሲቀዳ የሚውል ሰው ነው የምናፈራው።

በዚህ ጉዳይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡ በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን። "ምዕራፉ ይውጣ" የምትሉ ባልደረቦቼም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። የ89 ባይቱን ጥያቄ በምክንያቱ የመለሳችሁ ተማሪዎችም መልሳችሁን በክፍል አለቃችሁ በኩል ላኩልን።

ቸር ይግጠመን።